አንድ ስልክ፣ 40 ካርድ

ድሬዳዋ ላይ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ሙቀቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዴቢትና ክሬዲት ቀርቶ የራስ ስም ይጠፋል።

መጀመሪያ ካሁትን፣ በስልክ የሚመለስ የጥያቄና መልስ ጨዋታ፣ ሞከርኩ። ደስ ይላል፣ ሙዚቃው ራሱ ያነቃል። ግን ተማሪው ሁሉ ስልክና ዳታ ሊኖረው ይገባል። ትክክለኛውን መልስ ፈጥኖ የነካ ደግሞ ብዙ ነጥብ ያገኛል፣ ለአንድ ጥያቄ እስከ 1000። «አቦ መምህር፣ ይሄ እኮ የኔትወርክ ፈተና ነው!» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው።

አሁን ፕሊከርስ ላይ ነኝ፤ የተማሪዎችን መልስ ከካርድ ላይ የሚያነብ የስልክ መተግበሪያ ነው። ተማሪው የሚይዘው ወረቀት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ጥቁር ቅርጽ አለው፤ በአራቱ ጎን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በደቃቁ ተጽፏል። መልሱ ቢ ነው ያለ፣ ቢን ወደ ላይ አዙሮ ያነሳል። እኔ የስልኬን ካሜራ በክፍሉ ላይ ሳዞር የሁሉም መልስ ይለቀማል። ቅርጹ ስለሚለያይ መኮረጅም ይከብዳል።

ካርዶቹን ከዚራ ሰፈር አሳትሜ፣ እንዳይቀደዱ ብዬ በፕላስቲክ አስለበጥኩ (ላሚኔት)። ጥፋቴ እሱ ነው። የመስኮቱ ብርሃን እያንጸባረቀ ካሜራው አላነብ አለ። እንደገና በወፍራም ወረቀት አሳተምኩ። ጣት ቅርጹን ከሸፈነም አያነብም፤ «ጣትህን!» እያልኩ ነው የምውለው።

ባለፈው ሳምንት አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። ከግማሽ በላይ «ወጪ» አሉ። ገና ያልተጠቀሙበት ስለሆነ ሀብት ነው እኮ! ሁለት ጊዜ ያስተማርኩትን! እጅ አውጡ ብል ኖሮ ያው ሦስቱ ጎበዞች መልሰው፣ እኔም ገብቷቸዋል ብዬ አልፌው ነበር።