ጋቢዮን ወይስ ቬቲቨር? ሐዋሳ ሐይቅ ዳር መሬት ላለው ሰው

የሐዋሳ ሐይቅ ከፍ ባለ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። "ዳሩ እየተናደብኝ ነው። ጋቢዮን ላሠራ ወይስ ያንን ሳርህን ልትከል?" ጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ጓደኛ ይጠይቀኛል፤ ሐይቅ ዳር ትንሽ መዝናኛ የከፈተም ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው። ጋቢዮን ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን ነው፤ ሳሩ ደግሞ ሥሩ ጠልቆ የሚወርደው ቬቲቨር። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ቬቲቨር ነው። ውሃው ጠርዝ ላይ ፊላና ደንገል፣ ከነሱ ከፍ ብሎ አኻያ፣ ከዚያ በላይ ቬቲቨር። ጋቢዮን የግድ የሚሆንባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ እነሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ዋጋ። ሃያ ሜትር ርዝመት ያለው ዳር አለን እንበል። ሁለት ሜትር በአንድ በአንድ የሆነው የጋቢዮን ሳጥን በሁለት ደርብ ሲደረደር 20 ሳጥን ይፈጃል። ባለፈው ሳጠያይቅ ደህናው ሳጥን 4,500 ብር ነበር፤ ባዶው ብቻ 90,000 ብር ማለት ነው። የሚሞላው ድንጋይ 40 ሜትር ኩብ ነው፤ በሲኖትራክ ሦስት ምልልስ። አንዱ ምልልስ 15,000 ብር ሲጠራ ሌላ 45,000 ብር ይጨመራል። ድንጋዩን በእጅ እየመረጡ የሚደረድሩ ሠራተኞች 25,000፣ አፈሩ እንዳይሾልክ ከጀርባ የሚነጠፈው ጨርቅ 10,000። ድምሩ 170,000 ብር። ከስር የሚቆፈረውን መሠረት ገና አልቆጠርኩም።

ወደ ቬቲቨሩ እንምጣ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሲተከል 20 ሜትር መስመር 200 ችግኝ ይወስዳል። አራት መስመር 800 ነው። ለሚደርቀው ምትክ 200 ጨምሩበትና 1,000 ይሁን። በ4 ብር ሒሳብ 4,000 ብር። በአንድ ባዶ የጋቢዮን ሳጥን ዋጋ የዳሩ ችግኝ በሙሉ ተገዝቶ መልስ ይተርፋል! ለመትከያ 6,000፣ ለአጥርና ለቀርከሃ 9,000 ብትይዙ 19,000 ብር አካባቢ ያልቃል። ጋቢዮኑ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ዋጋው በየወሩ ይቀያየራል፣ እንደየሰፈሩም ይለያያል። እኔ ባጠያየቅኩበት ሁሉ ግን ልዩነቱ ጠቦ አላየሁም።

"ውድ ቢሆንም አንዴ ተሠርቶ ይቀመጣል" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እስቲ የጎረቤቴን ልንገራችሁ። ዋጋው ቀነስ ስላለለት 2,600 ብር የሚሸጠውን ሳጥን ገዛ። ለአጥር በሚሆን ቀጭን ሽቦ፣ ሰፈር ውስጥ የተሠራ ነበር። ድንጋዩንም በርካሽ አመጡለት፤ ብሎኬት የሚሠራበት ነጣ ያለው ቀላል ድንጋይ። ያ ድንጋይ ቀዳዳው ስለሚበዛ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ማዕበል በመታው ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ሽቦውን ከውስጥ ይፍቀዋል። ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ፣ ልክ ውሃው የሚደርስበት መስመር ላይ፣ ሽቦው ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ሆነ። አንዱ ሲበጠስ ቀጣዩም ተከተለ፤ ሳጥኑ እንደ ሹራብ ተተረተረ። ከጀርባ ጨርቅ ስላልተነጠፈ አፈሩ በድንጋዮቹ መሃል ሾልኮ ሄዶ ጥጃ የሚውጥ ጉድጓድ ተፈጠረ። ፍርስራሹን ለማስነሳት እንደገና ከፈለ። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቁሟል።

ስለዚህ ጋቢዮን የግድ ከሆነባችሁ እነዚህን ሳታዩ ብር አታውጡ። ሽቦው 2.7 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ቢቆጣም ለኩ። መጋጠሚያው ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ደጋግመው እርስ በርስ የተጠመዘዙ መሆን አለባቸው። እንዲህ የተሠራው አንዱ ቢበጠስም አይተረተርም። አንዴ ብቻ የተጠላለፈው የአጥር ሥራ ነው። ውሃ የሚነካው ክፍል ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ቢሆን ይመረጣል። ድንጋዩ ጥቁርና ከባድ ይሁን፤ ከሽቦው ቀዳዳ የሚያንስ ከገባበት አራግፋችሁ መልሱ።

የግንብ ግድግዳስ? ሐይቅ ዳር አልመክርም። ከጀርባው የታሰረው የዝናብ ውሃ ይገፋዋል፣ ከፊት ማዕበሉ ሥሩን ይቆፍረዋል። አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያም ፀሐይ በልታው ይቀደድና ፕላስቲኩ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል።

ግድግዳ የሚወድቅበት ምክንያት የሥራ ጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ባለሙያ ፈልጉ ብዬ አልፈው ነበር። ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ማዕበሉን አይውጠውም፤ ይመልሰዋል። የተመለሰው ውሃ ከግድግዳው እግር ሥር አሸዋውን ይጠርጋል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ የጎረቤትን መሬት ይበላል። በዚህ ላይ ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ በወንዝ የሚወጣ ግን የለም። ስለዚህ ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ሲደራረቡ ከፍ ይላል፣ ድርቅ ሲሆን ይሸሻል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞልቶ ከተማዋን ማስጨነቁን የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ያውቃል። ግድግዳ አንድ መስመር ላይ ተተክሎ ይቀራል። ፊላና ደንገል ግን ውሃው ሲሸሽ ተከትለው ይወርዳሉ፣ ሲመለስ አብረው ይመለሳሉ። ቆሮሶ የሚባለው አሳም እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ነው፤ ፊላውን መንጥሮ ግንብ ያቆመ ሰው የአሳ አስጋሪውንም እንጀራ ነካ።

"ሳር እኮ የድሃ ዘዴ ነው" የሚለው አነጋገር በጣም ያናድደኛል። ሆላንዶች በግድብ ሥራ የሚወዳደራቸው የለም። እነሱ ራሳቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ሄግ አጠገብ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ባሕር ዳር ከምረው፣ ንፋስና ማዕበል ራሱ ዳር ዳሩን እንዲያዳርሰው ተዉት። ሞቃት ባሕሮች ዳር ደግሞ ማንግሮቭ አለ። መቶ ሜትር ስፋት ያለው የማንግሮቭ ደን የማዕበልን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ እንደሚቀንስ ተለክቷል። ማንግሮቭ የጨው ውሃ ዳር ተክል ስለሆነ ለኛ ሐይቅ አይሆንም። የፊላና የደንገል ሥራ ግን ያው ነው፤ ማዕበሉን ከመሬቱ በፊት ያደክሙታል።

ቬቲቨር ራሱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ ከህንድ ጅማ የምርምር ጣቢያ ገብቶ በቡና ማሳ ተለመደ። ሥሩ ወደ ጎን አይንዘላዘልም፣ ቀጥ ብሎ ሦስትና አራት ሜትር ይወርዳል። ሥሩ ሲጎተት ላለመበጠስ ያለው ጥንካሬ ሲለካ በአማካይ 75 ሜጋፓስካል ነው፤ የተራ ብረት አንድ ስድስተኛ ያህል። የሚፈላ ዘር ስለሌለው ማሳ አይወርም። እንቦጭን አይቶ ለተሸበረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህም ግን አጭበርባሪ አለ፤ ከጋቢዮኑ ባይብስ። ቬቲቨር ብለው ጠጅ ሳር የሚሸጡ አሉ። ቅጠሉን በጣታችሁ አሹትና አሽትቱት። ሎሚ ሎሚ ካለ ጠጅ ሳር ነው። የቬቲቨር ቅጠል ይህን ሽታ አይሰጥም፣ ደስ የሚለው ሽታ ያለው ሥሩ ላይ ነው። ከግንዱ ሥርም ጠፍጠፍ ያለ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። እንደ ሸንበቆ ክብ አንጓ ካለው ዝሆኔ ሳር አምጥተውላችኋል፤ እሱን ለከብት ስጡት። የገዛችሁትን ዘለላ ከፈት አድርጉና መሃሉን እዩ። ነጭና እርጥብ ከሆነ ይይዛል። ቡናማና ባዶ ከሆነ ሦስት ቀን መኪና ላይ የዋለ ነው፣ በነጻም አትውሰዱ። አስተማማኝ ችግኝ ለሚፈልግ ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው፤ መዓዛማ ተክሎች ላይ ስለሚሠሩ ተክሉን ያውቁታል።

ስትተክሉ ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለው ቁራጭ ያዙ። ቅጠሉን 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጡት፣ ሥሩን በውሃ በተበጠበጠ እበት ነክራችሁ ትከሉ። መስመሩ ከውሃው ጋር ትይዩ ይሁን። ሥሩ ሁልጊዜ ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ ወደ ታች መውረድ ስለሚተው ልክ ጠርዙ ላይ አትትከሉት፤ ጠርዙ የፊላ ነው። በመሃል አኻያ አስገቡ። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው እርጥብ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ከተሰካ ራሱ ሥር ያወጣል፣ ዋጋውም ዘመድን መጠየቅ ነው። ቬቲቨር ጥላ አይወድምና አኻያውን አራርቁት። የማዕበሉ ጉልበት ከበዛ ከሲዳማ ደጋ የሚመጣውን ቀርከሃ ፊት ለፊት በመደዳ ቸክሉ፤ ፊላው እስኪጠነክር ጋሻ ይሆነዋል።

ቬቲቨር ጊዜ ይፈልጋል። መስመሩ ተገናኝቶ አጥር እስኪሆን አንድና ሁለት ክረምት መጠበቅ አለባችሁ። የመጀመሪያውን ክረምት ከብት ከገባበት ድካማችሁ ገደል ገባ፤ ጉማሬ በሌሊት የሚወጣበት መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ መተላለፊያውን ትታችሁ ትከሉ።

ጋቢዮን የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ ከመንገድ የሚመጣ የጎርፍ ቱቦ አፉን የሚከፍትበት ቦታ፣ ጀልባ የሚጠጋበት ቦታ፣ ቤቱ ከተናደው ጠርዝ ሁለት ሜትር ብቻ የቀረው ሰው ዘንድ። እዚያ ሥሩ እስኪወርድ መጠበቅ አይቻልም። ግን ሦስትና አራት ሜትር ርዝመት በቂ ነው፤ ሁለቱን ጫፍ ወደ ቬቲቨሩ መስመር አስገቡት። ሳርም ሆነ ድንጋይ፣ ሐይቁ ዳር ከመንካታችሁ በፊት የከተማውን አስተዳደር ጠይቁ። ፈቃድ የሌለው ግድግዳ በራሳችሁ ወጪ ሊፈርስ ይችላል።

ለዘንድሮ ያሰባችሁ ችግኙን ግንቦት ላይ እዘዙ፣ ሰኔ ላይ ትከሉ። ሐምሌ ላይ ሁሉም ሰው ይነቃና 4 ብር የነበረው 8 ብር ይገባል፣ የሚደርሳችሁም የተለቀመ ቅራሪ ነው።