ከሰል ለማክሰል የቱ ይሻላል፦ ነጠላ በርሜል፣ ድርብ በርሜል ወይስ ጉድጓድ?

ግቢዬ ውስጥ በርሜል አቁሜ ከሰል ማክሰሌን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት አወጣህበት?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ለእኔም አሠራልኝ» ይመጣል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ዋጋ በብር አልጠራም። ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ተቀይሮ «ዋሸኸን» ትሉኛላችሁ። በማዳበሪያ ከሰል እንቁጠረው። ሰፈራችሁ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ፤ ከዚያ የምትገዙት በርሜል የስንት ማዳበሪያ ዋጋ እንደሚበላ አስሉ። ለእኔ ከሦስት ማዳበሪያ በላይ የሚጠየቅበት ነጠላ በርሜል ውድ ነው። ዞር ብላችሁ ሌላ ሻጭ ጠይቁ።

ጉድጓዱ በነጻ ነው፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ያበቃል። ትቆፍራላችሁ፣ እንጨቱን ትከምሩበታላችሁ፣ በሳርና በቅጠል ትሸፍናላችሁ፣ አፈር ትጭናላችሁ። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ሲያከስሉ የኖሩት በአፈር ሸፍነው ነው፤ ያውቁበታልም። እነሱ ግን የሚያከስሉት ማሳ ሙሉ ዛፍ ነው፤ ክምሩንም ሌሊት ሳይቀር ይጠብቁታል። አፈሩ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና ከሰል ያላችሁት አመድ ሆኖ ያድራል። ከግቢ ለተገረዘ ጥቂት ባህር ዛፍ ይህን ሁሉ ልፋት ምን አመጣው?

ድርቡ በወሬ ደረጃ የሚያማልል ነው። ትንሹ በርሜል እንጨት ተሞልቶ ይከደንና ትልቁ ውስጥ ይገባል። እሳቱ በሁለቱ መሀል ይነድዳል። ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ከትንሹ በርሜል ታች ባሉት ቀዳዳዎች ወጥቶ እዚያው ስለሚቃጠል ጭሱ ያንሳል። ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት በደንብ የተሠራ ድርብ 30 ኪሎ ገደማ ከሰል ይሰጣል፤ ነጠላው 20 ገደማ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ድርቡን ለማሞቅ ከውጭ የሚነደው እንጨት ሒሳብ ውስጥ አይገባም! እሱን ስትጨምሩበት ልዩነቱ ይጠባል። ዋጋው ግን የነጠላውን ሦስት አራት እጥፍ ነው፤ ሁለት በርሜል፣ ብየዳ፣ ጭስ ማውጫ፣ የበያጁ ምሳ ሳይቀር።

ጎረቤቴ ያሠራውን አይቻለሁ። ሲመጣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር። ቀለሙ ሲላጥ የውስጠኛው በርሜል በርሜል ሳይሆን የተጠቀለለ ስስ ላሜራ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ እንደሠራበት ወገቡ ጎበጠና ክዳኑ አልገጥም አለ። ሊያስበይደው ወሰደው። ኤሌክትሮዱ ገና ሲነካው ላሜራው ይበሳል፤ አንዱን ሲደፍኑት ጎኑ ሌላ ይከፈታል። በእሳት የተበላ ስስ ብረት ብየዳ አይቀበልም። መጨረሻ ላይ በያጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ሌላ ልሥራልህ»። ዋጋም ጠራለት!

ስለዚህ ነጠላውን ግዙ። ግን የትኛውን? ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አናቱ ድፍን ሆኖ የሚጠመዘዝ ቡሽ ያለው ነው። ሁለተኛው ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚነሳና በብረት ቀለበት የሚታሰር ነው። ሁለተኛውን እንጂ አንደኛውን እንዳትነኩ። ድፍኑ ርካሽ ይመስላል፤ ግን አናቱ ሲቆረጥ ከአፉ ይጠብና ውስጥ ይወድቃል፣ ክዳን ለብቻ ታሠራላችሁ። በዚያ ላይ የነዳጅ ትነት የቀረበት በርሜል በግራይንደር ብልጭታ ይፈነዳል። ሰው ይገድላል፣ ቀልድ የለውም።

ውፍረቱ ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ይለያያል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ይላችኋል። አይደለም። ጎኑን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ገባ ወጣ ካለ ተዉት። ገልብጣችሁ ቂጡን እዩ፤ መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። ምን ተይዞበት እንደነበርም ጠይቁ። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል ከሆነ በነጻም አይወሰድ። የውሃ ቧንቧ የሚመስል ነጭ ሽፋን ያለው ዚንክ ነው፤ ሲነድ ጢሱ መርዝ ነው።

የሚከፈልበት ሥራ የለውም። ቂጡ ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ በመሮና በመዶሻ ትበሳላችሁ። ክዳኑ ላይ ያለውን ጎማ አውጡት፤ ይቀልጣል። በሦስት ድንጋይ ላይ አቁማችሁ እሳቱን ከታች ጀምሩ፤ ክንድ የሚያክል ደረቅ እንጨት እየጨመራችሁ ሙሉት። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ የእንጨቱ ውሃ ነው። ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ታቹን በአፈር ድፈኑ፣ ክደኑ፣ ዙሪያውን በጭቃ ምረጉ። ከዚያ እስከ ነገ አትንኩት። ጎኑ ለእጅ ሳይቀዘቅዝ የከፈተው ሰው ከሰሉ ዓይኑ እያየ መልሶ ይቀጣጠልበታል። በደንብ የከሰለው ሲጋጭ እንደ ሸክላ ይጮሃል፤ ድምፅ የሌለውና የሚከብደው ጥሬ ነው፣ ለሚቀጥለው ዙር መልሱት።

ቂጡ በእሳት ተበልቶ ሲበሳ ብየዳ ቤት አትሂዱ። ቁራጭ ላሜራ ከውስጥ ጣል አድርጋችሁ ቀዳዳ ብሱበት፣ ይሠራል።

አዲስ የገዛችሁትን በርሜል ደግሞ መጀመሪያ እንጨት በእንጨት አድርጋችሁ ሳትከድኑ አንድዱበት፤ ቀለሙና የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይለቅ። ከዚያ ዙር የቀረ ፍም ካለ ቡና አታፍሉበት።