ታንኳዋን በምን እናንቀሳቅሳት? ሴት ኢንተርቫል ወይስ ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም

ለባሕር ዳር ልጆች የቴሌግራም ግሩፓችን አንድ ቀላል የብሮውዘር ጌም እየሠራሁ ነው። የደንገል ታንኳ ጣናን ታቋርጣለች። ልክ ወደቡ ላይ ስትደርስ ስክሪኑን መንካት ነው። ከቀደምክ ወይም ከዘገየህ ነጥብ የለም።

መጀመሪያ በሴት ኢንተርቫል (setInterval፤ አንድን ሥራ በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋግም የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ) ሞከርኩ። ለጀማሪ ይቀላል፤ በየ16 ሚሊሰከንዱ አንድ እርምጃ። ችግሩ ቀጠሮ አያከብርም። ብሮውዘሩ ሥራ ሲበዛበት ያዘገየዋል። ሌላ ታብ ከተከፈተማ በሰከንድ አንዴ ብቻ ሊጠራው ይችላል። አሮጌው ስልኬ ላይ ታንኳዋ ማዕበል እንደመታት ትንገጫገጭ ነበር።

ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም (requestAnimationFrame) ግን ስክሪኑ አዲስ ምስል (ፍሬም) ሊያሳይ ሲል ይጠራል፤ ከስክሪኑ ጋር እኩል ይራመዳል። እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፤ ታቡ ሲደበቅ ይቆማል፤ ባትሪም ይቆጥባል። እሱም ግን ወጥመድ አለው። በየፍሬሙ 2 ፒክስል እየገፋኋት በ60 ኸርዝ ስልኬ (ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ) ደህና ነበረች። የጓደኛዬ 120 ኸርዝ ስክሪን ላይ በእጥፍ ፈጠነች። «ይቺ ታንኳ ናት ሞተር ጀልባ?» ብሎ ሳቀብኝ። መፍትሔው ፍሬም መቁጠር ትቶ ርቀቱን ከቀደመው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ (በሚሊሰከንድ) ልክ ማስላት ነው። ለዚህ ጊዜውን በሚሊሰከንድ የሚነግርህ ፐርፎርማንስ ናው (performance.now) አለልህ።

ጥግ ላይ ላለችው የሰከንድ ቆጣሪ ሴት ኢንተርቫል ይበቃታል፤ እዚያው ትቼዋለሁ። ታንኳዋን ግን ዳግም አልሰጠውም።