ለገጣፎ ያለው ጂም፦ የሴቶች ሰዓቱ ግሩም ነው፣ ግን አንሷል

ከካራ ወደ ለገጣፎ ስትገቡ አስፋልቱ ዳር አንድ ጂም አለ፣ ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ለተማሪ በወር 1,000 ብር ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ለዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ነው።

የተመዘገብኩት በሴቶች ሰዓቱ ምክንያት ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ወንድ አይገባም። አሰልጣኟም ሴት ናት። የምማርበት ግቢ ውስጥ ከክፍል በኋላ ሜዳው የወንዶች ነው። ቡድን ይከፋፈላሉ፣ እስኪመሽ ኳስ ይጫወታሉ። እኛ ወይ ወደ ቤት እንሄዳለን፣ ወይ ዳር ተቀምጠን እናያለን። ከዚያ "ሴቶች ስፖርት አይወዱም" ይባላል። በጣም ያናድደኛል። እዚህ ጂም በሴቶች ሰዓት ትሬድሚል ለማግኘት ወረፋ ነው! የሚያርቀን አፍጥጦ የሚያየው ሰው፣ ለከፋውና ማምሸቱ ነው። 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨልማል። ወንድሜ ከዚያ በኋላም ሠርቶ በእግሩ ይመጣል። እኔ ግን ትንሽ ከቆየሁ እናቴ ስልክ በስልክ ታደርገኛለች፤ አልፈርድባትም።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ከአዋቂ ሴቶች 34 በመቶ፣ ከወንዶች 29 በመቶ ናቸው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችልን አገር ውስጥ ሆነን እንኳ፣ ሯጭ ላልሆነች ተማሪ በትርፍ ሰዓቷ ላብ የምታወጣበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

አሰልጣኟን በጣም ወድጃታለሁ። ስኳት ስሠራ ጀርባዬን እያየች ታርመኛለች፣ አታጣድፍም። መሣሪያዎቹ ንጹህ ናቸው። ሎከሩ ይቆለፋል።

ቅር ያለኝ ምዝገባው ላይ ነው። ከፊቴ የነበረውን ልጅ "ምን መገንባት ትፈልጋለህ?" አሉት። እኔን "ስንት ኪሎ መቀነስ ነው የፈለግሽው?" አንድም ኪሎ! ጉልበት ነው የፈለግኩት። ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ለወንድም ለሴትም እኩል ነው የሚመከረው። ከበድ ያሉት ደምበሎች ግን ከታች በወንዶቹ ክፍል ናቸው፤ ወደ እኛ የመጡት ትንንሾቹ ብቻ። ሻወሩም ውሃ ሲጠፋ ይዘጋል፣ ደጋግሞም ይጠፋል።

ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ወይም ክፍል ያላት ተማሪ አትደርስበትም። ጓደኛዬ ከፍላ ሳትጠቀምበት ወሩ አለቀባት። ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ሰዓት ጊዜ ቢጨምሩልን እሷም ትመለሳለች፣ ከክፍሌም የሚመጡ አሉ። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፤ "ቁጥራችሁን አምጪልኝ" ብሎኛል። ስለዚህ በዚህ መስመር የምትኖሩ ተማሪዎች፣ ቅዳሜ የሚመቻችሁ ከሆነ ገብታችሁ እንግዳ መቀበያው ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ።