የሞተ ቶነር የማይሞላው ቤት፤ ከሀዋሳ

በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከከፈትኩ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሚያስረክቡበት ወቅት ሦስቱ ማተሚያዎቼ ከጠዋት እስከ ምሽት አያርፉም፤ ያለቁት ካርትሪጆችም (የማተሚያውን ዱቄት፣ ማለትም ቶነሩን፣ የሚይዙት ዕቃዎች) ከጠረጴዛው ሥር ይከመራሉ። ይህን ክምር ላለፉት አሥር ወራት የምወስደው አቶቴ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጠባብ ቤት ነው። ቤቱ በሩ ላይ «ቶነር እንሞላለን፤ ያለቀ ካርትሪጅ እንቀበላለን» ከሚል ጽሑፍ በቀር ስም አላወጣም። የመጀመሪያውን ሐረግ በየመንገዱ እናነበዋለን፤ እኔን ወደ ውስጥ ያስገባኝ ሁለተኛው ነበር።

ቀደም ሲል የምገለገልበት ሌላ ቤት ሥራውን በአምስት ደቂቃ ይጨርስ ነበር። የካርትሪጁን ጎን በጋለ ብረት በስቶ፣ ዱቄቱን በቀዳዳው አፍስሶ በፕላስተር ያሽገዋል፤ ትርፉ ዱቄት የሚጠራቀምበትን ክፍል ግን አይነካውም። ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ድራሙ (ጽሑፉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ተሽከርካሪ ቱቦ) ላይ የቀረውን ዱቄት ብሌዱ (መጥረጊያ ስለቱ) እየጠረገ የሚጥለው ወደዚህ ክፍል ስለሆነ፣ ሳይራገፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞላ ሞልቶ መፍሰሱ አይቀርም። በእኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው፤ አንዲት ተማሪ በማግስቱ የምታስረክበው ጽሑፍ ከመካከሉ ጀምሮ በቀኝ ኅዳጉ ጥቁር መስመር ወረደበት። በራሴ ወረቀት እንደገና አተምኩላት፤ ማተሚያው ሆድ ውስጥ የተበተነውን ዱቄት ለማጽዳት ደግሞ ቅዳሜዬን በሙሉ አጠፋሁ።

በአቶቴው ቤት የሚሠራው ልጅ አሠራር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። መጀመሪያ የአፍ መሸፈኛውን ያደርግና ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ያነጥፋል። የካርትሪጁን ሁለት ግማሾች አያይዘው የያዙትን ትናንሽ የብረት ካስማዎች በቀጭን መሣሪያ ገፍቶ ያወጣቸዋል፤ አረንጓዴውን ድራም ሲያወጣ ጣቱን ጫፎቹ ላይ ብቻ ያሳርፋል፤ ብርሃን እንዳይጎዳውም ወዲያው በጥቁር ጨርቅ ይጠቀልለዋል። ትርፉን ዱቄት ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያራግፋል፤ ብሌዱንና ሮለሩን (ተሽከርካሪውን ዘንግ) ጠርጎ፣ አዲሱን ዱቄት በሚዛን ለክቶ ይሞላል። እኔ የማስሞላው በብዛት 85ኤ የተባለውን የኤች ፒ (የማተሚያ አምራች ድርጅት) ካርትሪጅ ሲሆን፣ አምራቹ 1,600 ገጽ ገደማ ያትማል ይለዋል፤ ቁጥሩ ግን ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳሳ ሲል እንጂ በሠንጠረዥና በሥዕል ለተሞላ የተማሪ ጽሑፍ የሚሠራ አይደለም። እዚህ ቤት የተሞላው ካርትሪጅ በእኔ ቆጠራ ከአዲሱ ብዙም የማያንስ ገጽ አትሞልኛል።

ቤቱን እንዳምነው ያደረገኝ ግን የሞላው ሳይሆን ያልሞላው ነው። ባለፈው ጥር አራት ካርትሪጅ ወስጄለት አንደኛውን ገና ሳይፈታ በራሱ ማተሚያ ላይ ሞከረውና ወረቀቱን ከማስመሪያ ጋር አቀረበልኝ፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ ከላይ እስከ ታች በየ7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተደጋገመች ትታያለች። ርቀቱ ድራሙ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሸፍነው ነው። «እትዬ፣ ይሄ ድራሙ ሄዷል፤ ዱቄት ብሞላልዎ ገንዘብዎን መብላት ነው» አለኝ። ድራሙን በአዲስ መለወጥ እንደሚቻልና ዋጋው ስንት እንደሆነ ከነገረኝ በኋላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲለወጥ ግን እንደማይመክረኝ ጨመረልኝ፤ ብሌዱም ሮለሩም አብረው ስላረጁ ነው። ካርትሪጁን እዚያው ተውኩለት፤ የከፈልኩት ለሦስቱ ብቻ ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአንድ ዱቄት ይበዛል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ቶነር ቀለም ቢመስለንም በአብዛኛው እጅግ ደቅቆ የተፈጨ ፕላስቲክ ነው፤ ጥቁረቱን የሚሰጠው ጥላሸት መሰል ካርቦን ሲሆን፣ የአንዷ ቅንጣት ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ለዚህ ነው አንዴ አየር ላይ ከተነሣ ቶሎ የማያርፈው። ማተሚያው ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት አቅልጦ በመሆኑ፣ ልብስ ላይ የፈሰሰ ቶነርም በሙቅ ውኃ ከታጠበ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ አራግፎ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ነው የሚሻለው። ያለቀ ካርትሪጅን ከግቢ ጥግ ከቆሻሻ ጋር ማቃጠል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የፕላስቲኩ ጭስ ሳያንስ፣ አየር ላይ የተበተነ ደቃቅ ዱቄት እሳት ሲያገኝ ብው ብሎ ይነሣል። ቦይ ውስጥ ቢጣልስ? የእኛ ከተማ ጎርፍ ማረፊያው ሐይቁ ነው፤ ሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝን ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይከርማል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የሞቱት ካርትሪጆች ከጓዳው በማዳበሪያ ከረጢት ተደርድረዋል። ድራሙ ከሥሩ የአልሙኒየም ቱቦ ስለሆነ ቆራሌው ይወስደዋል፤ ጤነኛ ባለጥርስ መዘውሮችና ካስማዎች ለመለዋወጫ ይቀመጣሉ፤ የሚቀረው ፕላስቲኩና ባልዲው ውስጥ ያለው ትርፍ ዱቄት ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ እንደላከ ነግሮኛል፤ ማን እንደተረከበው የሚያሳይ ወረቀት ስጠይቀው ግን «በሰው ነው የላክሁት» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠኝም። አገራችን ገና በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ አውጥታ ነበር፤ ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻም በ2010 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ «እንቀበላለን» ብሎ የለጠፈ ቤት የተቀበለውን የት እንዳደረሰ በደረሰኝ እንዲያሳይ ደንበኛው ቢጠይቅ ማስቸገር አይሆንም። ኤች ፒ ያለቀ ካርትሪጁን ከደንበኞቹ መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ የእኛ ከተማ ግን እስካሁን በአንድ ወጣት ጓዳና በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተንጠልጥላለች። በዚህ ረገድ ሙሉ ነጥብ አልሰጠውም፤ ከአምስት ሦስት ይበቃዋል። ለሙሊቱ ሥራ ግን ያለ ማመንታት አምስት።

ዋጋው ከሰፈሬ ሙሊት ቤቶች በጥቂቱ ይበልጣል፤ ድራም ካልተለወጠ በስተቀር ከአዲስ ካርትሪጅ ዋጋ ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም። በአምስት ደቂቃ አይጨርስም፤ ጠዋት የሰጡትን ከሰዓት በኋላ መውሰድ ነው፤ በፈተና ሰሞን ደግሞ ወረፋው እስከ ማግስቱ ሊያዘልቅ ይችላል። 12ኤን የመሰሉ የቆዩ ካርትሪጆች ቺፕ (ካርትሪጁን ለማተሚያው የሚያሳውቅ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ስለሌላቸው አያስቸግሩም፤ 85ኤ ከተሞላ በኋላ ማተሚያው «አልቋል» እያለ ቢያስጠነቅቅም ማተሙን አያቆምም። ቅርብ ጊዜ የወጡ አንዳንድ ማተሚያዎች ግን የአምራቹን ቺፕ ካላገኙ ጨርሶ ስለማይሠሩ፣ ልጁ ከመፍታቱ በፊት የማተሚያውን ሞዴል ይጠይቃል። ሞዴሉን በወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ካርትሪጁንም ቀድሞ በመጣበት ጥቁር ከረጢት ወይም በማናቸውም ብርሃን በማያስገባ ነገር ጠቅልላችሁ፣ በባጃጅ ስትጓዙ ጭናችሁ ላይ አጋድማችሁ ያዙት። እኔ የመጀመሪያ ቀን በቀጭን ፌስታል አቁሜ ይዤ ሄጄ ነጭ ቀሚሴ ምን እንደሆነ ልጁ እስከ ዛሬ እያነሣ ይስቅብኛል።