ዕድሜ ጠይቃ መድኃኒት ለምትሸጥ የጎንደር ፋርማሲስት ምስጋና

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት አለች። ዛሬ በሰው ፊት ላመሰግናት ፈልጌ ነው።

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቆመው ባስቀደሱ ማግስት ደግሞ ይብስባቸዋል። ጎረቤት «ዲክሎፌናክ ፍቱን ነው» ስላላቸው ልገዛላቸው ሄድኩ።

«ለማን ነው?» አለችኝ። ለአባቴ አልኳት። «ዕድሜያቸውስ? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ለልባቸው በየቀኑ አስፕሪን እንደሚወስዱ ስነግራት ያወጣችውን መድኃኒት መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። እሷ ግን ተረጋግታ አስረዳችኝ።

እነ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ህመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት አድርገው ነው። ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ግን ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋ መከላከያው ይዳከማል። ስለዚህ ከ60 በላይ፣ ይልቁንም ከ65 በኋላ፣ ጨጓራ የመቁሰልና የመድማት አደጋው ከፍ ይላል። አስፕሪን፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ) ወይም ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። በጣም ያስደነገጠኝ፣ ትልልቅ ሰዎች ምንም ሳያማቸው ሊደሙ መቻላቸው ነው። የመጀመሪያው ምልክት እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ሊሆን ይችላል። ያን ካያችሁ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፤ ነገ ዛሬ አይባልም።

«መርፌው አይሻልም?» ብዬ ጠየቅኳት። እኛ ሀገር መርፌ ይወደዳል። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ስለሚሠራ በመርፌም ቢሰጥ ጨጓራን ይጎዳል አለችኝ። ከምግብ በኋላ መዋጥም ማቃጠሉን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቁስለቱን አያስቀርም።

ፓራሲታሞል ሰጠችኝ፤ አወሳሰዱንም በወረቀት ጻፈችልኝ። የሚቀባ ጄል ጨመረችልኝ። «አስፕሪኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ሐኪማቸውን አማክሩ» አለች። እነ ዲክሎፌናክ የግድ ካስፈለጉም ሐኪሙ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መከላከያ አብሮ ሊያዝላቸው እንደሚችል ነገረችኝ። የጨጓራ ባክቴሪያም እንዲመረመሩ መከረችን። እኔ የጠየቅኳትን ሸጣ ብትሸኘኝ ማንም አይወቅሳትም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ!

ሳላስፈቅዳት ስለሆነ ስሟን አልጻፍኩም። ጎንደር ያላችሁ ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ቤቱን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱ ወላጆቻችሁ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነካርቶኑ ያዙ፤ አይታ ነው የምትሰጣችሁ።