ፒችትሪ ወይስ ኢአርፒ ኔክስት? ማን ምን እንደሚነካ መለየት ለቸገራችሁ

ሰሞኑን ሦስት ወዳጆቼ ተራ በተራ ደውለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ካሸሯ ሽያጭ ትመዝግብ፣ ግን የተመዘገበ እንዳታጠፋ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ያለውን ብዛት ይይ፣ የተገዛበትን ዋጋ ግን እንዳያይ። የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። ከአራት አምስት ሰው በላይ ሲስተም የሚነካበት ድርጅት ካላችሁ ኢአርፒ ኔክስት የሚባለውን የሽያጭ፣ የዕቃና የሒሳብ ሶፍትዌር አስገቡ። እዚህ የደረስኩት በኪሳራ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የምሠራበት የቧንቧ ዕቃ አከፋፋይ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር አስጫነ። ኦሪጅናሉን አይደለም፣ በፍላሽ የመጣ ክራክ፣ ማለትም ፈቃድ የሌለው ቅጂ ነው። ጫኙ 6 ሺህ ብር ተቀብሎ በአንድ ከሰዓት ጨረሰ። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የተጠቃሚ ስም፣ አንድ ፓስወርድ። ፓስወርዱ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ካሸሯ ስክሪን ጥግ ላይ ተለጠፈ። ለየሰው ለይተህ ክፈትልን ስንለው «ይሄ ኮፒ አይቀበልም» አለና ሄደ።

ሰኔ ላይ ሒሳብ ልንዘጋ ስንል 11 የዱቤ ሽያጮች ሲስተሙ ላይ የሉም። የደረሰኝ ፓዱ ላይ ግን ቀሪያቸው አለ። ኦዲት ትሬል የሚባለውን ሪፖርት አተምነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረና እንዳጠፋ የሚያሳየውን። 34 ገጽ ወጣ። ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ነው፦ አድሚን፣ ሁሉም ነገር የተፈቀደለት ተጠቃሚ። አራታችንም አድሚን ነበርን። ገንዘቡ በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እጃቸው የሌለበት ሰዎች ንጹሕ መሆናቸውን የሚያሳዩበት መንገድ አጡ። ካሸሯ ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቀቀች።

ፒችትሪን አትንኩ ማለቴ አይደለም። ዛሬ ስሙ ሴጅ 50 ነው። ፈቃድ ያለው ቅጂ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስም ይሰጣል፤ ሽያጩን፣ ግዢውን፣ ደሞዙን ለአንዱ ከፍታችሁ ለሌላው ትዘጋላችሁ። የሒሳብ ሠራተኛም እንደ ልብ ይገኛል፣ አብዛኛው የተማረው በሱ ነው። ለሁለት ሰው ሱቅ በቂ ነው። የማልወድለት አንድ ነገር አለ። መብቱ ያለው ሰው ትናንት የተመዘገበን ሽያጭ ከፍቶ ቁጥሩን መቀየር ይችላል።

ኢአርፒ ኔክስት ላይ ይሄ የለም። ሽያጭ አንዴ ሰብሚት ከተደረገ፣ ማለትም ተረጋግጦ ከገባ፣ አይታረምም። ስህተት ካለ ይሰረዛል፣ ከዚያ አዲስ ይወጣል፣ አዲሱ ቁጥር ጫፉ ላይ «-1» ይዞ ይመጣል። የተሰረዘውም እዚያው ቁጭ ብሎ ይታያል። ማየት፣ መፍጠር፣ ማረም፣ መሰረዝና ማጥፋት ለየብቻ የሚሰጡ መብቶች ናቸው። ማጥፋትን እኔ ለማንም አልሰጥም፣ ለባለቤቱም ቢሆን። የሳሪስ ቅርንጫፍ ሠራተኛ የሳሪስን መጋዘን ብቻ እንዲያይ ማድረግም ይቻላል። የመግዣ ዋጋ የሚታይበትን ቦታ ብቻ ከአንድ ሰው መደበቅም እንደዚያው።

ወደ ብሩ እንምጣ። ኢአርፒ ኔክስት በራሳችሁ ሰርቨር (ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚገናኙበት ዋና ኮምፒውተር) ላይ ከጫናችሁት የፈቃድ ክፍያ የለውም። 3 ሰው ተጠቀመ 30 ሰው፣ ያው ነው። በሰው ቁጥር የሚያስከፍሉት ላይ ግን ሒሳቡን ሥሩት። በሰው በወር 10 ዶላር እንበል። 12 ሰው በዓመት 1,440 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 82 ሺህ ብር ይሆን ነበር። በ100 ብር ስታስቡት 144 ሺህ ነው፣ ዶላሩ ደግሞ 100ን ካለፈ ቆየ። በዚያ ላይ የዶላር ካርድ ፈልጉ። ዋናው ጉዳቱ ደግሞ ሌላ ነው፦ ክፍያው በሰው ሲሆን ድርጅቱ ቁጠባ ብሎ ሁለት ሰው በአንድ ስም ያስገባል። ተመልሰን እኛ አድሚን ነን።

ኦዱ የሚባለውን ተመሳሳይ ሶፍትዌርም ጠይቃችሁኛል። ነፃው ቅጂ ለሽያጭና ለዕቃ ጥሩ ነው፣ የተሟላው ሒሳብ ግን ያለው በሚከፈልበት ውስጥ ነው። ኩዊክቡክስ ኦንላይን የሚባለው፣ በኢንተርኔት የሚሠራው የሒሳብ ሶፍትዌር ደግሞ የሰውን ቁጥር በፓኬጅ ይገድባል። ከታች ያለው 1፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 5፣ ትልቁ 25። መብቱን በራሳችሁ ልክ መስፋት የምትችሉትም በትልቁ ብቻ ነው።

ነፃ ነው ስላልኩ ግን ወጪ የለውም እንዳትሉ። ኢአርፒ ኔክስት የሚጫነው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ለሱ ክፈሉ፣ አትከራከሩ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዘውን ባትሪ ግዙ። የኛ ሰርቨር መብራት ሁለቴ ድንገት ሲጠፋበት ሃርድ ዲስኩ ሄደ። ያዳነን ማታ ማታ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለበጠው ባክአፕ ነው። የአድሚኑን ፓስወርድም ጫኙ ይዞት እንዳይሄድ፣ ርክክቡ ቀን ፊት ለፊታችሁ አስቀይሩት።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር አሠሩት። በካሸር ስም ይግባ፣ የትናንት አንድ ሽያጭ ይክፈትና ለማጥፋት ይሞክር። ሲስተሙ ከከለከለው ክፈሉት። ከጠፋለት ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት፣ አስተካክሎ ይምጣ።